ከጋራዡ የወጣው ሳቅ



ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ታክሲ ሰልፍና ስለ ቤት ኪራይ በሚጻፍበት በዚህ የአንባብያን ዓምድ ላይ ስለ አንድ አሮጌ የአሜሪካን ፊልም ልጽፍ መነሣቴ አንዳንዱን አንባቢ ሳያስገርም አይቀርም። ነገር ግን ጕዳዩ የፊልም ጕዳይ ብቻ አይደለም። ሰው በተገደለበት ነገር መሳቅ ይገባል ወይስ አይገባም የሚል ክርክር በመሥሪያ ቤታችን ውስጥ ተነሥቶ፣ በሻይ ሰዓት ተጀምሮ በሻይ ሰዓት እየተቋረጠ ሳምንት ያህል ስለ ቆየ፣ እኔም የበኩሌን አሳብ በጽሑፍ ላቀርብ ወደድሁ።

ፊልሙ «ሳም ላይክ ኢት ሆት» ይባላል። ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «አንዳንዱ ትኩሱን ይወዳል» እንደ ማለት ነው። ለሕዝብ የታየው በ1959 ዓ. ም. ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።) ያዘጋጀው ቢሊ ዋይልደር ሲሆን ዋና ዋናዎቹ ተጫዋቾች ማሪሊን ሞንሮ፣ ቶኒ ኩርቲስና ጃክ ሌመን ናቸው። እነሆ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ተጫዋቾቹም አዘጋጁም ሁሉም አልፈዋል፤ ፊልሙ ግን ዛሬም ሰውን ያስቃል። በቤቴ ከአያታቸው ጋር ተቀምጠው ያዩት ልጆቼ፣ ጥቁርና ነጭ ፊልም መሆኑን ሲያውቁ መጀመሪያ ፊታቸውን አጨፍግገው ነበር፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ግን የእነሱን ሳቅ ዝም ማሰኘት አልተቻለም።

ክርክሩን ያስነሡት በመዝገብ ቤት የሚሠሩ፣ በዕድሜም በአገልግሎትም የሚበልጡኝ፣ ሁላችንም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው ሰው ናቸው። በዚያ ቅዳሜ ማታ እሳቸውም ከእኛ ጋር ነበሩ። ሰዎች ከጋራዥ ግድግዳ ጋር ተሰልፈው በመትረየስ የሚረሸኑበት ቦታ ሲደርስ ባርኔጣቸውን አንሥተው ብድግ አሉና ደኅና እደሩ ብለው ወጡ። ሰኞ ጠዋት ምክንያቱን ብጠይቃቸው፣ «ታናሽ ወንድሜን ወንበዴዎች መንገድ ላይ እንደ ገደሉብኝ ታውቃለህ። ከዚያ ወዲህ በጥይት ድምፅ መካከል የሚስቅ ሰው ምኑ እንደሚያስቀው አይገባኝም» አሉኝ። ይህ እንደ ዋዛ መልስ የሚሰጠው ነገር አይደለም። ሌሎቹ ባልደረቦቼ «ጋሼ፣ ፊልም እኮ ነው!» እያሉ ሊያልፉት ፈለጉ፤ እኔ ግን «ፊልም እኮ ነው» የሚለውን መልስ አልወደድሁትም። ፊልም ስለ ሆነ ብቻ ማንኛውም ነገር ያስቃል ማለት አይደለምና።

ታሪኩን ላላዩት ሰዎች ባጭሩ ልናገር። ጊዜው የ1929 ዓ. ም. የበረዶ ወራት፣ ቦታው የቺካጎ ከተማ ነው። ፖሊሶች አንድ የሬሳ መኪና እየተኰሱ ያባርራሉ። በመኪናው ውስጥ ጥቁር የለበሱ ሰዎች የሬሳ ሣጥን ከበው ተቀምጠዋል። ጥይት ሣጥኑን ሲበሳው ከቀዳዳው የሚፈስሰው ደም ሳይሆን ውስኪ ነው። በዚያን ጊዜ በአሜሪካን አገር መጠጥ መሥራትና መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነበር፤ ክልከላው ከጥር 1920 ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 1933 ድረስ ጸንቶ ቆይቷል። ሕጉ ጠጪውን አላስተወውም፤ ወሮበላውን ግን አበለጸገው። ጋንግስተር የሚባሉት የከተማ ወሮበሎች በድብቅ መጠጥ እየሸጡ ሀብታቸው የባንክ ባለቤቶችን ሀብት እስከ ማከል ደርሶ ነበር። በፊልሙ ውስጥ ያለው የድብቅ መጠጥ ቤትም በውጭ ሲታይ የቀብር አስፈጻሚ ቤት ነው፤ ለመግባት የሚፈልግ ሰው የአሮጊቲቱ ቀብር ላይ ለመገኘት መጣሁ ይላል፤ ውስኪውም በቡና ስኒ ይቀርብለታል።

በዚህ ቤት ሁለት ድኾች ሙዚቀኞች ይጫወታሉ። አንዱ ጆ ይባላል፤ ሳክስፎን ይነፋል። ሁለተኛው ጄሪ ነው፤ ኮንትራባስ የሚባለውን፣ ቁመቱ ሰው የሚያህለውን ባለ አውታር መሣሪያ ይመታል። እንደኔ አሳብ የፊልሙ ልብ ያለው እዚህ ላይ ነውና ጥቂት ልቈይበት። ሁለቱም በዚያ ማታ ደመወዝ ይቀበላሉ ተብሎ ይጠበቃል። ገና ገንዘቡ እጃቸው ሳይገባ አንዱ ለቤት ኪራይ፣ ለምግብ ቤት ዕዳና ለጥርስ ሐኪም ይመድባል፤ ሌላው ደግሞ ሁሉንም ገንዘብ በውሻ እሽቅድምድም ላይ አስይዘን እናበዛዋለን ይላል። በወር መጨረሻ ላይ ከደመወዝ ገንዘብ ፊት ቆሞ፣ ይህን ለባለ ሱቅ፣ ይህን ለዕቁብ፣ ይህን ለልጅ ትምህርት ቤት እያለ የከፋፈለ ሰው ሁሉ እነዚህን ሁለቱን ያለ አስተርጓሚ ያውቃቸዋል። ፖሊስ ቤቱን ይወርራል፤ ደመወዝ የለም። ቀጥሎም ካፖርታቸውን አስይዘው በውሻው ላይ ይወራረዳሉ። ጄሪ ብንበላስ ብሎ ሲፈራ፣ ጆ የማይሆን የመሰለውን ሁሉ እየጠራ ያሾፍበታል፦ የአክሲዮን ገበያው ቢወድቅስ፣ ሁለቱ ዝነኞች የሲኒማ ተጫዋቾች ሜሪ ፒክፎርድና ዳግላስ ፌርባንክስ ቢፋቱስ ይለዋል። ገበያው በዚያው ዓመት በጥቅምት ወደቀ፤ ሁለቱም በ1936 ተፋቱ። ውሻውም ተሸነፈ። በሚቀጥለው ትዕይንት ሁለቱ ሰዎች ያለ ካፖርት በበረዶ ውስጥ እየተንቀጠቀጡ ይሄዳሉ።

ከዚያ በኋላ የሚታየው የሥራ ፍለጋ ነው፤ ከበር ወደ በር፣ ከጸሓፊ ወደ ጸሓፊ፣ «ዛሬ የለም» የሚለውን እየሰሙ። ማመልከቻ ይዞ ፎቅ የወጣና የወረደ ሰው ይህንንም ያውቀዋል። አንዲት ጸሓፊ፣ ጆ ቀጥሯት የቀረባት፣ በቀልዋን ስትወጣ፣ በፍሎሪዳ ለሦስት ሳምንት ሳክስፎንና ባስ የሚጫወት ሰው ይፈለጋል ብላ ታስጐመጃቸዋለች። እውነት ነው፣ ይፈለጋል፤ ግን የሚፈለጉት ሴቶች ናቸው። ለሌላ ትንሽ ሥራ መኪና ለመውሰድ ወደ አንድ ጋራዥ ሲሄዱ፣ ወሮበላው ስፓትስ ኮሎምቦና ሰዎቹ ተቀናቃኞቻቸውን ከግድግዳ ጋር አሰልፈው ሲረሽኑ ያያሉ። (ስፓትስ የሚለው ቅጽል ስም ከጫማው በላይ ከሚያደርገው ገምባሌ መሳይ ሽፋን የመጣ ነው።) ምስክር ናቸውና ሊገደሉ ነው። ቀሚስ ለብሰው፣ ሰው ሠራሽ ጠጕር አጥልቀው፣ ጆዜፊንና ዳፍኒ ተብለው ከሴቶቹ የሙዚቃ ጓድ ጋር በባቡር ወደ ማያሚ ይሸሻሉ። በባቡሩ ላይ ሹገር የምትባለውን ዘፋኝ፣ ማለትም ማሪሊን ሞንሮን ያገኛሉ። የቀረውን ማየት ለሚሻ ሰው አላበላሽበትም፤ የመጨረሻውን ግን ሳልናገር አልቀርም።

እንግዲህ ወደ ጋሼ ጥያቄ ልመለስ። በጋራዡ ውስጥ የተደረገው ነገር ፈጠራ ብቻ አይደለም። በየካቲት 14 ቀን 1929 ዓ. ም.፣ በአሜሪካኖች ዘንድ የፍቅረኞች ቀን በሚባለው በቅዱስ ቫለንታይን ዕለት፣ በቺካጎ በሰሜን ክላርክ መንገድ በነበረ አንድ ጋራዥ ውስጥ ሰባት ሰዎች ከግድግዳ ጋር ተሰልፈው ተረሽነዋል። ከገዳዮቹ ሁለቱ የፖሊስ ልብስ ለብሰው ስለ ነበር ሟቾቹ ሳይጠረጥሩ እንደ ተሰለፉ ይታመናል። የሞቱት የባግስ ሞራን ወገን ሲሆኑ፣ አስገዳዩ ተብሎ በሰው ሁሉ የሚጠረጠረው አል ካፖን ነበር። ስለዚህ ወንጀል አንድም ሰው ተፈርዶበት አያውቅም።

እዚህ ላይ ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞች የሚያስደስት ነገር ስላለ ከመንገዴ ጥቂት ብወጣ አንባቢ ይታገሠኝ። አል ካፖንን ፖሊስ በጠመንጃ አልጣለውም። የጣሉት የግብር መሥሪያ ቤት ሰዎች ናቸው። ደረሰኝና የሒሳብ መዝገብ እየገለበጡ፣ ይህን ያህል ገቢ ነበረህ፣ ግብሩ የት ደረሰ ብለው ከሰሱት፤ በጥቅምት 1931 ዓ. ም. ጥፋተኛ ተብሎ 11 ዓመት እስራትና 50,000 ዶላር መቀጮ ተፈረደበት። ከተማ ሙሉ ያንቀጠቀጠው ሰው በብዕርና በወረቀት ታሰረ። ይህን ለመዝገብ ቤቱ ጋሼ ስነግራቸው በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

ይህን ፊልም የሠራው ሰው ግን ስለ መግደል ምን ያውቃል? ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። ቢሊ ዋይልደር በ1906 ዓ. ም. በያኔው የኦስትርያ ሀንጋሪ ግዛት በጋሊሺያ ከይሁዳውያን ቤተ ሰብ ተወለደ። በቪየናና በበርሊን ጋዜጠኛ ነበር። ወጣት ሳለ በበርሊን በአንድ ሆቴል ውስጥ ብቻቸውን የመጡትን ወይዛዝርት በክፍያ የሚያስጨፍር ሆኖ ሠርቶ ያንኑ በጋዜጣ ጽፎታል፤ እንጀራ ለማግኘት ሲባል ያልሆኑትን መስሎ መታየትን ከዚያ ጀምሮ ያውቀዋል ማለት ነው። ሂትለር በ1933 ሥልጣን ሲይዝ ከበርሊን ሸሽቶ በፓሪስ በኩል አሜሪካን አገር ገባ። እናቱ ግን በኤውሮጳ ቀረች፤ በናዚዎች እጅም ጠፋች። ጦርነቱ ባበቃበት በ1945 በአሜሪካን ጦር ሥር ወደ ጀርመን ተመልሶ፣ ከማጐሪያ ቦታዎቹ የተነሡትን ፊልሞች እያየ እየቈረጠ፣ ለጀርመን ሕዝብ እንዲታይ የተሠራውን «የሞት ወፍጮዎች» የተባለውን አጭር ፊልም በማሰናዳት በኩል ሠርቷል። ያ የሬሳ ክምር የሚታይበት ሥዕል በእጁ አልፏል። እንግዲህ ከ14 ዓመት በኋላ ሰዎች ከግድግዳ ጋር ተሰልፈው ሲረሸኑ በአስቂኝ ፊልም መካከል ያስገባው ይህ ሰው ነው። ነገሩ አልገባውም ሊባል አይችልም።

ይህን ሁሉ ለጋሼ ነገርኋቸው። ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ጥቂት ዝም አሉና፣ «እናቱን ፈልጎ አገኛት?» አሉኝ። አላገኛትም አልሁ። «እንግዲያውስ እሱ ይሳቅ፤ መብቱ ነው። እኔ ግን ገና ነኝ» ብለው ወደ መዝገባቸው ተመለሱ። በዚህ መልስ ላይ እኔ የምጨምረው የለኝም። ሐዘን በቀጠሮ አይወጣም፤ «ጥርስ ባዳ ነው» ያሉትም አባቶቻችን ይህን አይተው ይሆናል። ይሁን እንጂ፣ ሳቁ ከምን እንደሚመጣ በትክክል ማየት የሚገባ ይመስለኛል።

ዳዊድ ሴልዝኒክ የተባለው ትልቅ የፊልም ሰው፣ በ1939 የወጣውን «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» የተባለውን ፊልም ያሠራው፣ ደምና ቀልድ አይቀላቀሉም ብሎ ዋይልደርን አስጠንቅቆት ነበር። ዋይልደርም በእውነት አልቀላቀላቸውም፤ ጐን ለጐን አቆማቸው እንጂ። በጋራዡ ውስጥ ማንም አይቀልድም። ወሮበላው ስፓትስ በፊልሙ ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ራሱን የሚያስቅ ሰው አይመስልም፤ ፊቱ የቀዘቀዘ፣ ልብሱ የጠራ ነው፤ እየሞተ ያለውን ሰው አፍ ውስጥ የቀረችውን የጥርስ መፋቂያ በጫማው መትቶ ያወጣል፤ በዚያ ቦታ የሚስቅ ተመልካች አላየሁም። ሳቁ የሚመጣው ከሟቾቹ ሳይሆን ከሚሸሹት ነው። ሰው ሲፈራ፣ ሲርበው፣ ሲበርደው የሚያደርገው ነገር ያስቃል፤ የሚያስቀውም እኛም እንደዚያው ስለምናደርግ ነው። ጋራዡ እውነት ባይመስል ኖሮ ቀሚሱ ተራ ቧልት ሆኖ በቀረ ነበር። ሁለት ወንዶች ለመዝናናት ቀሚስ ቢለብሱ አምስት ደቂቃ ያስቁ ይሆናል፤ እንዳይሞቱ ሲለብሱት ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ እንከተላቸዋለን። ታሪኩ ከ1935 የፈረንሳይ ፊልም የተገኘ ነው፤ በ1951 ጀርመኖች ደግመውት ነበር። በእነዚያ ውስጥ ሥራ ያጡት ሙዚቀኞች አሉ፤ ጋንግስተሮቹ ግን የሉም። ዋይልደርና አብሮት የጻፈው አይ. ኤ. ኤል. ዳይመንድ ጨመሯቸው። ቀሚሱን ለማውለቅ የማይቻልበት ምክንያት ያስፈልግ ነበር፤ ከሞት የበለጠ ምክንያትም የለም።

ደግሞም በወሮበሎቹ ላይ የሚያሾፍበት መንገድ አለው፤ እሱም ለወጣቶች መጥፎ ምሳሌ ነው ለሚሉት መልስ ይሆናል። ስፓትስን ሆኖ የሚጫወተው ጆርጅ ራፍት በ1932 በወጣው «ስካርፌስ» በተባለው ፊልም ሳንቲም ወደ ላይ እየወረወረ በመቅለብ የታወቀ ነበር፤ ያን ጊዜ የአሜሪካን ጎረምሳ ሁሉ ሳንቲም ይወረውር ነበር ይባላል። በዚህ ፊልም ደግሞ አንድ ጎረምሳ ወሮበላ ፊቱ ቆሞ ሳንቲም ሲወረውር ያገኘዋል፤ ሳንቲሙን ከአየር ላይ ቀምቶ ይህን ርካሽ ነገር ከየት ተማርኸው ይለዋል። ዋይልደር ጋንግስተርን ያስከበሩትን አሮጌ ፊልሞች በአንድ ሳንቲም መለሳቸው። ወሮበሎቹ በማያሚ ሆቴል ለጉባኤ ሲሰበሰቡም «የኢጣልያ ኦፔራ ወዳጆች» የሚል ስም ለጥፈው፣ እንደ ማኅበር አባሎች በረዥም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የዓመቱን ትርፍ የሚገልጽ ንግግር ያዳምጣሉ። ስንት ስብሰባ የተቀመጥን ሰዎች ያን ንግግር ስንሰማ የምንስቀው ስለ ምን እንደ ሆነ አንባቢ ራሱ ይገምት።

ስለ ቀሚሱም አንድ ነገር ልበል። ፊልሙ ሴቶችን አያዋርድም ወይ ብላ የጠየቀችኝ ባለቤቴ ናት፤ አይታው ካበቃች በኋላ ግን መልሱን የሰጠችው ራስዋ ነች። ሁለቱ ወንዶች ከፍ ባለው ጫማ ላይ መራመድ ያቅታቸዋል፤ በአሳንሰር ውስጥ አንድ ሸምገል ያለ ሚሊዮኔር ጄሪን ይቈነጥጠዋል፤ ጄሪም ተቈጥቶ ሲመጣ፣ ጆ፣ የሌላው ወገን ኑሮ ምን እንደሚመስል አሁን ዐወቅህ ይለዋል። ባለቤቴ «ይህን ለማወቅ ቀሚስ መልበስ ነበረባቸው?» አለች። ጄሪ ቀስ በቀስ ጥሩ ሰው እየሆነ ይሄዳል፤ ጆ ግን ለረዥም ጊዜ ያው ነው። ቀሚሱን በስውር አውልቆ የመርከበኛ ባርኔጣና መነጽር ያደርግና የነዳጅ ኩባንያ ወራሽ ነኝ ብሎ ሹገርን ያታልላል። እሷ በሳክስፎን ነፊዎች በተደጋጋሚ የተታለለች ልጅ መሆንዋን ለጆዜፊን በምሥጢር ነግራው ነበር፤ ምሥጢርዋን ነው የሚጠቀምበት። በእኔ ፍርድ በፊልሙ ውስጥ ከወሮበሎቹ ቀጥሎ የሚያሳፍረው ሥራ ይህ ነው፤ ጆም በመጨረሻ የሚከፍለው ዋጋ አንሶብኛል። ጸሓፊዎቹ ይህን ስላላዩት አይደለም፤ በስንብቱ ቀን የሚሰጣት የአልማዝ አምባር እንኳ የራሱ አይደለም፣ ለጄሪ የተሰጠ ነው። እሱን የሚያድነው የማሪሊን ሞንሮ ፊት ነው። ስትዘፍን ያያት ሰው ይቅር ብትለው እኛም ይቅር እንላለን።

ማሪሊን ሞንሮ ይህን ፊልም ስትሠራ፣ በ1958 ዓ. ም.፣ ደኅና አልነበረችም። አርፍዳ ትመጣለች፤ አጫጭር ዐረፍተ ነገሮችን እንኳ ትረሳለች፤ ከሦስት ቃል የማይበልጥ አነጋገር ከአርባ ጊዜ በላይ እንደ ተደገመ ዋይልደር ራሱ ተናግሯል። ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ፊልሙ ካለቀ በኋላ ፅንሱ ወረደባት። ከአራት ዓመት በኋላም፣ በነሐሴ 1962፣ በ36 ዓመትዋ ሞተች። በፊልሙ ላይ ከዚህ ሁሉ አንዳች አይታይም። ጃክ ሌመን በተቃራኒው ሁሉን በመጀመሪያው ሙከራ የሚፈጽም ሰው ነበር። ሚሊዮኔሩ ሊያገባኝ ነው ብሎ የሚያበሥርበትን ቦታ ሲሠሩ ዋይልደር ማራካስ የሚባለውን፣ ፍሬ እንደ ገባበት ቅል የሚንሿሿውን መሣሪያ ሰጠው። ሌመን ምክንያቱ አልገባውም ነበር። ኋላ ሰው በሞላበት ሲኒማ ቤት ሲያየው ገባው፤ በየንግግሩ መካከል ማራካሱን እያንሿሿ ሲጨፍር፣ ተመልካቹ ስቆ እስኪጨርስ ድረስ የሚቀጥለው ቃል ይጠብቀዋል። ሳቁ ገና ሳይሳቅ ቦታ ተቀምጦለት ነበር ማለት ነው። ልጆቼ ይህን ቦታ አራት ጊዜ አስመልሰውታል።

ፊልሙ ጥቁርና ነጭ የሆነበትም ምክንያት አለው። የማሪሊን ሞንሮ ውል በቀለም ይሁን የሚል ነበር፤ በሙከራው ግን የሁለቱ ወንዶች የፊት ቅባት በቀለም ሲነሣ አረንጓዴ መሰለ፤ እሷም አይታ ተስማማች። የማያሚው ሆቴል ደግሞ በእውነት ማያሚ አይደለም፤ በካሊፎርኒያ በሳንዲዬጎ አጠገብ ያለው፣ በ1888 የተከፈተው ሆቴል ዴል ኮሮናዶ ነው።

በጊዜው ያልወደዱት ነበሩ። የአሜሪካን ፊልም አምራቾች የሥነ ምግባር ደንብ የሚሰጠውን የፈቃድ ማኅተም ሳያገኝ ለሕዝብ ቀረበ፤ ሕዝቡም ማኅተሙን አልጠየቀም። ያ ደንብ በ1968 ቀርቷል። ፊልሙ ለስድስት የኦስካር ሽልማት ታጭቶ ያገኘው ለልብስ አሠራር የሚሰጠውን አንዱን ብቻ ነው። ዘመን የሰጠው ፍርድ ግን ሌላ ነው። የአሜሪካን የፊልም ተቋም በ2000 ዓ. ም. ከአገሪቱ አስቂኝ ፊልሞች ሁሉ አንደኛ አለው፤ በ2017 ቢቢሲ ከ52 አገሮች 253 የፊልም ሐያስያንን ጠይቆ ባወጣው ዝርዝርም አንደኛ ሆነ። የኒውዮርክ ትያትር ቤቶች በ1972 አንድ ጊዜ፣ በ2022 ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ሙዚቃዊ ትያትር አድርገውታል። እንዲህ ያለውን ደረጃ እኔ ብዙ አላምንበትም፤ ሳቅ በቍጥር አይሰፈርም። የሚያስደንቀኝ ግን በየአገሩ ያለው ሰው፣ ውስኪ የተከለከለበትን ዘመን የማያውቀው ሁሉ፣ ካፖርቱን በውሻ የተበላውን ሰው ወዲያው ማወቁ ነው።

የቀረው የመጨረሻው ቦታ ነው። ሁለቱም ከወሮበሎቹ አምልጠው ከሹገር ጋር በሚሊዮኔሩ ጀልባ ላይ ናቸው። ኦስጉድ የሚባለው ይህ ሽማግሌ መሪውን ይዞ፣ ዳፍኒን ሊያገባት ስለ ሆነ ደስ ብሎታል፤ እናቱም የሠርግ ልብስዋን ልትሰጣት ነው። ጄሪ ጋብቻው እንዲቀር ሰበብ ይደረድራል። ጠጕሬ የራሴ ቀለም አይደለም፤ አጨሳለሁ፤ ከአንድ ሳክስፎን ነፊ ጋር ለዓመታት ኖሬአለሁ፤ ልጅ መውለድ አልችልም። ኦስጉድ ሁሉንም ይቅር ይላል። በመጨረሻ ጄሪ ሰው ሠራሹን ጠጕር ነቅሎ፣ በወፍራም ድምፅ ወንድ ነኝ ይላል። ኦስጉድ ፈገግታው እንኳ ሳይለወጥ እንከን የሌለበት ሰው የለም ብሎ ይመልስለታል፤ ፊልሙም ያልቃል።

ይህን መልስ ያመጣው ዳይመንድ ነው። በሩማንያ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካን አገር የመጣ፣ ዝምተኛ ሰው ነበር ይባላል። ዋይልደር እንደ ተናገረው፣ ሁለቱም በዚያ ማታ ደክሟቸው፣ ለጊዜው ይህ ይቀመጥ፣ ሰኞ የተሻለ እናገኛለን ተባባሉ። በተጫዋቹ ወረቀት ላይ ሰፍሮ ተላከ። ሰኞ ሌላ ሥራ ነበረና ሳይለወጥ ቀረ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሲኒማ ወዳጅ፤ ከአዲስ አበባ